የሰፈር ቼዝ በዓለም ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን የነጥብ ዝርዝር ሁለተኛ የነበረው ሰው የታወቀ ሻምፒዮን አልነበረም፤ ክሎድ ብለድጉድ የሚባል የቨርጂኒያ እስረኛ ነበር። ለዓመታት ባብዛኛው ከእስረኛ ጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ነጥቡ 2702 ደረሰ።

ማጭበርበር ነው ያሉ ነበሩ። የነጥቡ ስሌት ግን ያደረገው የታዘዘውን ነው። ይህ ነጥብ (ሬቲንግ) ተጫዋቾችን እርስ በርስ ብቻ ያነጻጽራል፦ በ200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል እንዲያገኝ ይጠበቃል። አንድ የተጫዋቾች ስብስብ ከውጭ ተጋጣሚ ጋር ካልተገናኘ ቁጥሩ ለብቻው ያብጣል ወይም ይኮማተራል።

ታዲያ የአገር ውስጥ ውድድር ሁሉ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊዴ ይመዘን? ያ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ፊዴም ራሱ የታችኛው ነጥብ ከመጠን በላይ ወርዷል ብሎ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ከ2000 በታች ላሉት የአንድ ጊዜ ጭማሪ ሰጥቷል፤ 1600 የነበረው ባንድ ሌሊት 1760 ሆነ።

ውድድርን በፊዴ ማስመዝገብ ደግሞ ክፍያ፣ ፈቃድ ያለው ዳኛና ረዘም ያለ የጨዋታ ሰዓት ይጠይቃል። ከሥራ በኋላ ለሚሰባሰብ ክለብ ይህ ከባድ ነው፤ የአገሩ ነጥብ ይበቃዋል። ብሔራዊ ሻምፒዮናውና ክፍት ውድድሮቹ ግን መመዝገብ አለባቸው። ፊዴ ማስተር የሚባለውን ማዕረግ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ 2300 የፊዴ ነጥብ ያስፈልጋል፤ በአገሩ በፊዴ የሚመዘን ጨዋታ ያጣ ወጣት ነጥቡን የሚፈልገው በአውሮፕላን ቲኬትና በቪዛ ወረፋ ነው።