አዲስ የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ከነባሩ የፍሳሽ መስመር ጋር ስለማገናኘት
ለሀብሩ ወረዳ፣ ለመርሳና ለወልድያ ዙሪያ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የቧንቧ ውሃ ግቢው የገባለት ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚያስበው የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ማስገባት ነው። የሚወጣው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚታሰበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ከተበሳ በኋላ ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን 5 ሊትር ቢጠቀም፣ በወር 900 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት ተኩል ሙሉ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በግቢ ውስጥ ቢተኛ ትንኝ ይራባበታል፤ በተለይ ወባ ባለበት ቆላማው የሀብሩ ክፍል ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

1. ነባሩ መስመር የት እንደሚያበቃ ይለዩ

ሀ. በውሃ የሚሠራ ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ታንክ ካለ፣ ሲንኩን ከዚያው መስመር ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ለ. ደረቅ የጉድጓድ መጸዳጃ ከሆነ አያገናኙ። ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፤ ግድግዳው በእርጥበት እየላላ ሊደረመስ ይችላል፤ እዳሪውም ከውሃው ጋር እየሰረገ ወደ ጉድጓድ ውሃ ሊደርስ ይችላል።

ሐ. ከጣሪያ ውሃ መውረጃ ጋርም አያገናኙ። በክረምት ዝናብ ሲበረታ ውሃው ወደ ሲንኩ ሊመለስ ይችላል።

2. የማገናኘት ሥራ

• ከሲንኩ ሥር ሲፎን ይግጠሙ። በሲፎኑ እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ውሃ የጉድጓዱን ሽታና በረሮ ወደ ቤት እንዳይገባ ያግዳል። ያለ ሲፎን ቀጥታ ቱቦ መግጠም ሽታውን ቤት ውስጥ እንደማስገባት ነው።

• ከሲፎኑ ቀጥሎ 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይጠቀሙ። ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ቱቦው ከፊተኛው እየጠበበ መሄድ የለበትም።

• ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይስጡ። መስመሩ 6 ሜትር ከሆነ መጨረሻው ከመነሻው 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በውሃ ልክ ይለኩ።

• ከነባሩ ቱቦ ጋር የሚገናኘው በዋይ ቅርጽ መገጣጠሚያ ሆኖ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ያዘነበለ ይሁን። ፊት ለፊት የሚጋጭ ውሃ ቆሻሻ ያጠራቅማል።

• ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅበት ሲንኩ የመጉረምረም ድምፅ ካሰማ፣ የሲፎኑ ውሃ እየተሳበ ነው። ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ማስተንፈሻ ቱቦ ያስፈልጋል።

3. የሚያገናኙት መስመር ከሌለ ወደ ጓሮ ይውሰዱት

ደረቅ መጸዳጃ ላለው ቤተሰብ የሚሻለው ለብቻው የሆነ መስመር ዘርግቶ ውሃውን ለማንጎ፣ ለሙዝ ወይም ለጌሾ ማዋል ነው። ቱቦው መጀመሪያ ጠጠር በተሞላ ባልዲ ውስጥ አልፎ ቆሻሻውን ይተው። ከዚያ ከዛፉ ግንድ ራቅ ብሎ፣ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትክክል ወደ ተቆፈረ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይግባ። ቦዩን በማሽላ አገዳ ወይም በጠጠር ሞልተው በአፈር ይሸፍኑት፤ ውሃው ላይ ላዩን መታየት የለበትም።

• በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ አያፍስሱ።
• በረኪና የተቀላቀለበትን ውሃ ወደ ቦዩ አይልቀቁ።
• ሳሙና በአንድ ቦታ አፈሩን እንዳይጎዳ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቦይ አዘጋጅተው ያፈራርቁ።
• ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቁ። ተዳፋት በሆነ ቦታ የታች ጎረቤትዎን ግቢ ያስቡ።

4. ፍተሻ

ሲንኩን ደፍነው ይሙሉ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ደረቅ አመድ ነስንሰው ይመልከቱ፤ አመዱ ከረጠበ መገጣጠሚያው ያፈሳል። ግድግዳውን ወይም ቦዩን የሚደፍኑት ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። የጠጠር ባልዲውን በየወሩ ያጠቡ።

የመወያያ ጥያቄ፦ በእርስዎ ቤት ያለው የፍሳሽ መስመር የሚያበቃው የት ነው? ዛሬ ሲመለሱ ሄደው ይዩና በሚቀጥለው ስብሰባ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያስረዱ።