የመኪና ቁመት በመጨረሻ ይወሰን

መኪናውን ዝቅ ማስደረግ የሚፈልግ ደንበኛ ወደ ጋራዥ የሚመጣው በጣት ለክቶ ነው። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አራት ጣት ያስገባ የነበረው ክፍተት ወደ አንድ ጣት እንዲወርድለት ይፈልጋል፤ ሞላው የሚታዘዘውም ሆነ የሚቆረጠው በዚሁ ልክ ነው። ሾክ አብዞርበሩ የሚታወሰው ኋላ ላይ፣ መኪናው መንጠርና መንኳኳት ሲጀምር ነው። የዕለት ተዕለት ሥራውም ሆነ ስሌቱ የሚያሳዩት ግን ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ እንዳለበት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጎማው ወደ ላይ ለመሄድ ምን ያህል ቦታ እንደሚቀረው ነው። ከዚያ ይህን ቦታ በአግባቡ የሚጠቀም ሾክ ይመረጣል፤ ቀጥሎ ለሾኩ የሚመጥነው ሞላ ይመጣል፤ ቁመቱም እነዚህ የፈቀዱለትን ያህል ብቻ ይወርዳል። በዚህ መንገድ የተሠራ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ካሰበው ያነሰ ዝቅ ይላል፤ አነዳዱ ግን ከጠበቀው ይበልጣል።

ዝቅ ማድረግ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጥቅሙ ግን በቁጥር መታየት አለበት። መኪና ኩርባ ሲዞር ክብደት ከውስጠኞቹ ጎማዎች ወደ ውጨኞቹ ይሸጋገራል፤ ጎማም የተጨመረበትን ክብደት ያህል የመንገድ ቁንጠጣ ስለማይጨምር፣ የሚሸጋገረው ባነሰ መጠን መኪናው መንገዱን ይበልጥ ይይዛል። ለምሳሌ 1200 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀት 148 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። የክብደቱን 0.7 እጅ በሚያክል የጎን ኃይል ሲዞር 312 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ውጨኛው ጎን ይሸጋገራል። ይኸው መኪና 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል የሚሸጋገረው 295 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 17 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከመቶ ከ5 እስከ 6 እጅ ነው። ለውድድር መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። በከተማ መንገድ ለሚነዳ ግን ያረጀ ጎማን በአዲስ መተካት ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

አሁን የሚከፈለውን ዋጋ እንይ። ይኸው መኪና ባዶውን ሲቆም ጎማው ወደ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር መሄድ ይችላል እንበል፤ ከዚያ በኋላ የመጨረሻ ማቆሚያው ላስቲክ ይቀበለዋል። መኪናውን በ4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስናደርገው ይህ ጉዞ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያም አምስት ሰውና ሻንጣ፣ በድምሩ 350 ኪሎ ግራም ይጫንበታል። ለስሌቱ እንዲመች ክብደቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ተከፋፈለ ብንል ለእያንዳንዱ 87.5 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። ሞላው በአንድ ሚሊ ሜትር 2.5 ኪሎ ግራም የሚሸከም ከሆነ መኪናው 35 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በአንድ አምስተኛ የጠነከረ አጭር ሞላ ቢገባለት እንኳን 29 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከተረፈው 40 ሚሊ ሜትር የሚቀረው 11 ብቻ ነው። በተግባር ደግሞ የኋላው ጎማ የበለጠውን ስለሚሸከም ሁኔታው ከዚህ ይከፋል። እንዲህ ያለ መኪና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያገኝ ምቱን የሚቀበለው ሞላው ሳይሆን ላስቲኩ፣ ከላስቲኩም አልፎ ሻንሲው ነው። አንድን ምት በግማሽ ርቀት ለማስቆም በአማካይ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል፤ ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት ቦታ የሚሰነጠቀው፣ ጎሚኒውም ያለጊዜው የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላን መቁረጥ ለምን መልስ እንደማይሆን ከሞላው አሠራር መረዳት ይቻላል። የሞላ ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና በሚሠሩት ቀለበቶች ብዛት ይወሰናል። ሽቦውና ስፋቱ ሳይለወጡ ከስድስት ቀለበቶች አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። ከላይ እንዳየነው ግን ጉዞው በግማሽ ሲጠፋ የአንድ አምስተኛ ጭማሪ ጉድለቱን አይሞላም። በሥርዓት የተሠራ አጭር ሞላ ይህን ታሳቢ አድርጎ በሽቦው ውፍረትና በጥቅሉ አሠራር ይጠነክራል፤ ጫፉም በመቀመጫው ላይ ልክ እንዲያርፍ ሆኖ ይጠቀለላል። የተቆረጠ ሞላ ይህ ጫፍ የለውም፤ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊለቅ ይችላል። የፊቱን ብቻ ማሳጠር ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። መሐንዲሱ ሞሪስ ኦሊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካዲላክ ባደረገው ሥራ የፊት ሞላ ከኋላው የለሰለሰ ሲሆን ጉዞው እንደሚረጋጋ አሳይቷል። ጉብታውን የኋላው ጎማ የሚያገኘው ዘግይቶ ስለሆነ ፈጠን ብሎ ተወዛውዞ ከፊቱ ጋር መገናኘት አለበት። አፍንጫው እንዲጎነበስ ብቻ የፊት ሞላው የተቆረጠ መኪና ይህን ሚዛን ስለሚያጣ ፊትና ኋላው ተራ በተራ ይነሳል፣ ይወድቃል።

ወደ ሾኩ ስንመጣ ትልቁ አለመግባባት የሚስተካከል ሾክ ቁመት ይለውጣል ተብሎ መታሰቡ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ የሾክ ሥራ የሞላውን ውዝዋዜ ማርገብ ነው። አካሉ ጥርስ ወጥቶለት የሞላው መቀመጫ ከፍና ዝቅ የሚልበት ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ ማስተካከያው የሚለውጠው የማርገብ ኃይሉን ብቻ ነው። ለምሳሌ የሆላንዱ ኮኒ ቢጫ ሾኮች በአብዛኛው የሚስተካከለው የመመለሻ ኃይላቸው ነው፤ ማለትም የታመቀው ሞላ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚገጥመው መቋቋም። ይህ ማስተካከያ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጠነከረ ሞላ የበለጠ ማርገብ ይፈልጋል። ሞላው በ40 ከመቶ ቢጠነክር የማርገብ ኃይሉ ተመሳሳይ ሚዛን እንዲይዝ በ18 ከመቶ ያህል መጨመር አለበት። ለኦሪጅናሉ ሞላ የተሠራው ሾክ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ይህን ጭማሪ ከየትም አያመጣውም። በዚያ ላይ መኪናው ዝቅ ሲል የሾኩ ፒስተን የሚሠራበት ቦታ ወደ ታችኛው ጫፍ ይጠጋል፤ አካሉ ያጠረ ሾክ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ታዲያ መኪናው መሬት እየመታ ከሆነ ሾኩን ይበልጥ ማጠንከር አይበቃም ወይ? ይህ በጋራዥ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሳ ሐሳብ ነው፤ መልሱም አይበቃም ነው። የመመለሻ ኃይሉ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጎማው ከመጀመሪያው ጉብታ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል። በተከታታይ በሚንቀጠቀጥ የጠጠር መንገድ ላይ መኪናው በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ ሄዶ የቀረችውን ጉዞ ይጨርሳል። አሽከርካሪው የሞላ ድክመት መስሎት ሾኩን ደግሞ ያጠብቃል፤ ችግሩም ይብሳል። ትክክለኛው አሠራር ከለስላሳው ጫፍ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ፣ መኪናው ከጉብታ በኋላ ሳይወዛወዝ በአንድ ጊዜ የሚረጋጋበት ቦታ ሲደርስም ማቆም ነው።

ሌላው ማስረጃ ከጎማው አቀማመጥ ይመጣል። የፊት ጎማ በማክፈርሰን ዘዴ የሚንጠለጠልባቸው መኪኖች በጣም ብዙ ናቸው፤ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ በኮንሰልና በዜፊር ላይ ካስተዋወቀው ወዲህ ዘዴው ዓለምን አዳርሷል፤ አገራችን ውስጥ የሚበዙት ኮሮላና ቪትዝም ፊታቸው እንዲሁ ነው። በዚህ ዘዴ መኪናው ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል የታችኛው ብራቾ የውጭ ጫፉ ወደ ላይ ያጋድላል። ያን ጊዜ መኪናው ወደ ጎን የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በፈጠነ መጠን ወደ ታች ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የማጋደል ጉልበቱም ይጨምራል። ማለትም ማጋደልን ለመቀነስ ተብሎ የተሠራው ሥራ ማጋደልን ይጠራል። የመሪው ዘንግ ከብራቾው ጋር የነበረው ትይዩነት ሲዛባ ደግሞ ጎማው በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ በራሱ ትንሽ ትንሽ ይዞራል። ስለዚህ ከማንኛውም የቁመት ለውጥ በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው። አላይመንት ግን የቆመ መኪናን ያስተካክላል እንጂ ጎማው ሲነሳና ሲወድቅ የሚሆነውን አይመልስም።

«መኪናዬ ዝቅ ካለ በኋላ በግልጽ ተሻሽሏል፤ የውድድር መኪኖችም መሬት ለመሬት ነው የሚሄዱት» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። መሻሻሉ የሚካድ አይደለም፤ ምንጩ ግን ቁመቱ ነው ወይስ ሌላ? ሞላና ሾክ በአንድ ቀን ሲቀየሩ አሽከርካሪው የሚሰማው ፈጣን የመሪ ምላሽ በአብዛኛው ከአዲሱ ሾክና ከሞላው ጥንካሬ የሚመጣ ነው። ጥሩ ሾክ ከኦሪጅናሉ ሞላ ጋር ቢገጠም የዚህ ስሜት ትልቁ ክፍል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ሎተስ ኤላን እስከ ዛሬ በአነዳዱ የሚመሰገነው ለስላሳ ሞላዎችን ከጥሩ ማርገቢያ ጋር አጣምሮ እንጂ በጠንካራ ሞላ አይደለም። የውድድር መኪና መሬት የሚጠጋው ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ለዚያ ተብሎ የተለሰነ፣ ጭነቱም አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው። መንገዱንና ጭነቱን ሳይወርሱ ቁመቱን ብቻ መውረስ አያዋጣም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። አምራቹ ሞላውን የመረጠው ለሁሉም ዓይነት ገዢ ነው፤ ብቻውን በአስፋልት የሚነዳ ሰው ለአምስት ሰውና ለሻንጣ የተቀመጠውን ቦታ ለምን ይሸከማል? ይህ ትክክል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም የተመሠረተው እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር የሚነዳ፣ መንገዱም የተስተካከለ ሰው ከጉዞው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቢቀንስ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ሾኩና ሞላው አብረው ተመርጠው ከተሠሩ የሚያገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። ያ ውሳኔ ግን ከአጠቃቀሙ ተነስቶ የመጣ ነው፤ ከጣት ልኬት አይደለም። ዋጋውን በተመለከተም ሞላ መቁረጥ ርካሽ የሚመስለው ሒሳቡ በአንድ ቀን ስለማይመጣ ነው፤ በጎማ፣ በጎሚኒና በሾክ ተከፋፍሎ ይመጣል። በጀርመን ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ደግሞ እዚያ አጭር ሞላ የሚገባው የብቃት ሰነድ ይዞ፣ በተፈቀደለት መርማሪ ታይቶ ነው፤ ያለዚያ መኪናው በመንገድ ላይ የመንዳት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

በአገራችን ጋራዦች ከዝቅታው ይልቅ የሚበዛው ከፍ የማድረግ ጥያቄ መሆኑ ክርክሩን አይለውጠውም። በሞላው ላይ ስፔሰር ሲገባ መኪናው ከመሬት ይርቃል፤ ሾኩ ግን ወደ ታች የሚዘረጋበትን ቦታ ያንኑ ያህል ያጣል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ተከትሎ መውረድ ሲያቅተው ሾኩ ጫፉ ላይ ይመታል፤ ጎማውም መሬቱን ይለቃል። ዝቅታ የላይኛውን ጉዞ ይወስዳል፤ ከፍታ የታችኛውን። በሁለቱም በኩል የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከለውጡ በኋላ ጎማው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድበት ምን ያህል ቀረው?

ስለዚህ ከባለሙያ የሚጠበቀው ሥራ ከመለካት ይጀምራል። ሞላው ወጥቶ ጎማው እስከ ላይ ተነስቶ ጉዞው ይለካ፤ ባለቤቱ የሚጭነው ከፍተኛ ክብደትና የሚያዘወትረው መንገድ ይጠየቅ፤ ከተለካው ላይ ጭነቱ የሚወስደው ይቀነስ፤ ለጉብታው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይተው። የተረፈ ካለ ያ ነው ዝቅ ማድረግ የሚቻለው፤ ካልተረፈ ደንበኛው ጥሩ የሚስተካከል ሾክ ከነባሩ ሞላ ጋር ገጥሞ ቁመቱን እንዲተወው በግልጽ ይነገረው። መፍጫ አንስቶ ሞላ መቁረጥ ለማንም ቀላል ነው። ባለሙያ የሚያስፈልገው መቁረጡን እንቢ ብሎ፣ ምክንያቱን በቁጥር አሳይቶ፣ የተሻለውን መንገድ ለማቅረብ ነው።