ፌስታሉ ሲቀር ምን እንያዝ? የማዳበሪያ ከረጢትና የገበያ ቦርሳ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በግሽ ዓባይ ገበያዎች ሸማቹ ዕቃውን የሚይዝበት ዘዴ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ፈጽሞ ተለውጧል። አስቀድሞ እህሉ በስልቻና በአቁማዳ፣ ልዩ ልዩ ሸቀጡ በዘንቢል ይጓዝ ነበር። ኋላ ፌስታል መጣና ሽንኩርቱም፣ ቡናውም፣ ስኳሩም ለየብቻው በፌስታል ይቋጠር ጀመር። ርካሽ፣ ቀላልና ውኃ የማያስገባ በመሆኑ መወደዱ አያስገርምም። ችግሩ አገልግሎቱ በአንድ ሰዓት አልቆ ዕድሜው ግን የማያልቅ መሆኑ ነው። በእርሻ ውስጥ ተቀብሮ የቀረው ዝናብ ወደ አፈር እንዳይሰርግ ያግዳል፤ የጨው ወይም የምግብ ሽታ የያዘውን ደግሞ ከብት ይበላዋል። በጨጓራው ውስጥ እየተጠቀለለ ሲከማች የምግብ መተላለፊያውን ይዘጋል። አንድ በሬ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጉም ዘግይቶ ደርሷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 የከለከለው ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከረጢቶችን ብቻ ነበር፤ ስስ ፌስታል ግን በየገበያው እንደ ልብ ይሸጥ እንደነበር ሁላችንም ምስክሮች ነን። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ከነጭራሹ የሚያግድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «በምን እንተካው?» ወደሚለው ይዞራል።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው የጥጥ ቦርሳን ነው። ጥጥ ሲርስ ጥንካሬው የሚጨምር ድንቅ ቃጫ ነው፤ ለክረምቱ ዝናባችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጥጥ ለማምረት ውኃ፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይፈጃል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት አንድ አዲስ የጥጥ ቦርሳ ለዓለም ሙቀት መጨመር በሚያደርገው አስተዋጽኦ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ከሚጣል ፌስታል ለመሻል ከ131 ጊዜ በላይ ገበያ መውጣት አለበት። በየሱቁ የሚሸጠውና ጨርቅ የሚመስለው፣ ሳይሸመን በሙቀት የተጣበቀው ቦርሳ 11 ጊዜ ይበቃዋል። ይህኛው ግን ጨርቅ ሳይሆን ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ለማረጋገጥ ትንሽ ክር መዝዘው በጥንቃቄ ያቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይንጠባጠባል።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር እንረዳለን። ከሁሉ የሚሻለው ቦርሳ አስቀድሞ ከተሠራና ሥራውን ከጨረሰ ዕቃ የሚገኘው ነው። የበቆሎና የበርበሬ አገር በሆነው በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ዩሪያ የመጣበት ከረጢት የሌለበት ቤት አይገኝም። በአገራችን የከረጢቱ ስም ራሱ «ማዳበሪያ» ሆኖ ቀርቷል፤ «አንድ ማዳበሪያ በርበሬ» ሲባል የሚሰማ እንግዳ ግራ ሳይጋባ አይቀርም።

ይህም ከረጢት ፕላስቲክ ነው፤ ልዩነቱ ሽመናው ላይ ነው። ፌስታልን የበቆሎ ጫፍ ሲወጋው ጉልበቱ ሁሉ በቀዳዳው ጠርዝ ይከማችና ቅዳዱ ያለ ማቋረጥ ይሮጣል። በተሸመነው ከረጢት ግን አንዱ ጥብጣብ ቢበጠስ ቅዳዱ እዚያው ይቆማል፤ ሸክሙን ጎረቤት ጥብጣቦች ይካፈሉታል።

ጠላቱ ፀሐይ ነው። ልዕለ ሐምራዊ ጨረር የፖሊፕሮፒሊንን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጣቸዋል። የጨረሩ ኃይል ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ግሽ ዓባይ ደጅ ላይ የከረመ ከረጢት ቶሎ ያረጃል። በጥፍር ሲፋቅ ቅርፊት የሚያወጣ ከሆነ ለቦርሳ አይመረጥ።

የቦርሳ ሞት አብዛኛውን ጊዜ በመያዣው በኩል ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከቲሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝ የአንድ አዲስ ቦርሳ መያዣ ተነቅሎ ድንቹን ከመንገድ ላይ ለቅሟል፤ ጨርቁ አንዳች አልሆነም ነበር። አሥር ኪሎ ግራም የያዘ ቦርሳ 98 ኒውተን ይመዝናል። ይህ ክብደት ለአራቱ የመያዣ ጫፎች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 24.5 ኒውተን ይደርሳል፤ በድንገት ብድግ ሲደረግ ደግሞ ከዚያ በላይ። መያዣው በአፉ ላይ ብቻ ከተሰፋ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ጥቂት ክሮች ናቸው።

ስለዚህ እንዲህ ይሠራ። ከረጢቱ ከታች 45 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ይቆረጥ። ከላይኛው ክፍል 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ቀለበቶች ይውጡና ተተርትረው፣ በሦስት ታጥፈው፣ ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው አንድ ረጅም ቀበቶ ይሁኑ። ቀበቶው በቦርሳው ግርጌ ሥር አልፎ በሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይውጣና መያዣ ይሁን፤ ያን ጊዜ ሸክሙን የሚይዘው ቀበቶው እንጂ ስፌቱ አይሆንም። መጋጠሚያዎቹ በገላው ላይ ይዋሉ። ስፌቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይራራቅ፤ ጥቅጥቅ ካለ ቀዳዳዎቹ እንደ ቴምብር ጠርዝ መቀደጃ ይሆናሉ። የመያዣው 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፦ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ገመድ ጋር ሲነጻጸር በእጅ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ወደ አንድ ስድስተኛ ይቀንሰዋል። የተቆረጠው አፍ እንዳይተረተር ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። ፀረ ተባይ የተቋጠረበት ወይም በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር የመጣበት ከረጢት ፈጽሞ ለዚህ አይውል፤ በማጠብም አይነጻም። ዩሪያ ግን በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከረጢቱን ገልብጦ ደጋግሞ ማጠብ ይቻላል። እጣቢው ወደ ምንጭ አይፍሰስ፤ በጓሮ ላለው ጎመን ቢደፋ ይጠቅመዋል። ከታጠበም በኋላ ዱቄትና እንጀራ በቀጥታ አይግቡበት፤ ለእነርሱ ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከአቡጀዲ የተሰፋ ውስጠኛ ከረጢት ይዘጋጅ። ቦርሳው ከገበያ መልስ ከፀሐይ ራቅ ብሎ በቤት ውስጥ ይሰቀል።