ደሞዝ በስፓኒሽ ሲጠየቅ

ሰሞኑን ከወደ አምቦ መንገድ፣ ከአዲስ ዓለም አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ስትሆን በሆቴል ሙያ ተመርቃለች። «አዲስ አበባ ያለ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ለእንግዳ ተቀባይነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። እንግሊዝኛ እሞክራለሁ፤ በስፓኒሽ ግን ‹ኦላ› ከማለት አላልፍም። ያለፈውን ሥራዬን ደሞዙን ለመጠየቅ አፍሬ ገባሁበትና፣ ወር ሲሞላ የተሰጠኝን ቆጥሬ አለቀስኩ። አሁንስ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?» ትላለች።

«ስፓኒሽ ደግሞ እዚህ አገር ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ስፓኒሽ እኮ ከአፍሪካ ኅብረት ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ኢኳቶሪያል ጊኒ የምትሠራበት በሱ ነው። የኩባ፣ የስፔንና የሜክሲኮ ኤምባሲዎችም አዲስ አበባ ይገኛሉ። ከሶማሊያው ጦርነት፣ ከ1970 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች ኩባ ሄደው «የወጣቶች ደሴት» ላይ ተምረዋል። እኔም ያለችኝን ጥቂት ስፓኒሽ የቀሰምኩት እዚያ ካደጉ አንድ የሰፈራችን ጋሼ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ያስያዙኝ ቃል «ኡስቴድ» ነው፤ «እርስዎ» ማለት ነው። «አንተ»ም «አንቺ»ም በስፓኒሽ «ቱ» ነው። ለጓደኛ «ኮሞ ኤስታስ?» ትሉታላችሁ፤ ለአለቃ ግን «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ?» ነው። ልብ በሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ስትወድቅ ሰውዬው ተከበረ ማለት ነው። እኛም «እርስዎ ይችላሉ» ስንል ግሡ «እሳቸው ይችላሉ» ከሚለው አይለይም፤ «ኡስቴድ»ም ልክ እንደዚሁ የሩቅ ሰው ግሥ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ስፔኖች ቶሎ ወደ «ቱ» ይወርዳሉ፤ ቢሆንም እነሱ ይጀምሩት እንጂ እናንተ አትቅደሙ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ። እንግዳ ሲመጣ «ኤን ኬ ፑዌዶ አዩዳርሌ?» በሉ፤ «በምን ልርዳዎ?» ነው። ካልገባችሁ «ፖድሪያ ሬፔቲርሎ፣ ፖር ፋቦር?» በሉ፤ «እባክዎ ሊደግሙልኝ ይችላሉ?» ማለት ነው። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ «ፖዴሞስ ሴጊር ኤን ኢንግሌስ?» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ለመቀጠል ጠይቁ። ይሄ ነውር የለውም፤ ያልገባን ነገር እንደገባው አድርጎ ራስን መነቅነቅ ነው ጣጣው።

የደሞዙ ጉዳይስ? ገና እንደተቀመጣችሁ አታንሱት። ጠያቂው መጨረሻ ላይ «ቲዬኔ አልጉና ፕሬጉንታ?» ሲል «ጥያቄ አለዎት?» ማለቱ ነውና በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የሥራ ሰዓቱን ጠይቁ፦ «ኩዋል ኤስ ኤል ኦራሪዮ?» ቀጥሎ «ኩዋል ሴሪያ ኤል ስዌልዶ?» በሉ፤ «ደሞዙ ስንት ይሆናል?» ነው። «ሴሪያ» የምትለዋ ቃል ጥያቄውን ታለሰልሰዋለች።

መልሱ በስፓኒሽ ሲንጋጋስ? እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው አንገቱን ነቅንቆ የሚወጣው። ወረቀትና ብዕር አቅርቡና «ሜ ሎ ፑዌዴ ኤስክሪቢር፣ ፖር ፋቦር?» በሉ፤ «እባክዎ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ማለት ነው። ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም። ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ የሚለውን በእንግሊዝኛም ቢሆን ሳታረጋግጡ አትነሡ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። በአክብሮት የተጠየቀ ደሞዝ ቀጣሪን አያስቀይምም፤ ካስቀየመም ወር ሙሉ ከመልፋት በፊት ማወቁ ይሻላል። ጥያቄዎቹን በወረቀት ገልብጡና ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከመስታወት ፊት ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ምላስ የሚፈታው በመናገር ነው። መልካም ዕድል!