ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ከመግዛትዎ በፊት ያስመርምሩ

በሞተር ሳይክል መለዋወጫ ገበያ ገንዘብ የሚባክነው ዕቃ ሲወደድ ብቻ ሳይሆን የማያስፈልግ ዕቃ ሲገዛም ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው፣ ማስነሻው ሲጫን ሞተሪኖው እየጮኸ የሚዞርበት፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የማይልበት ብልሽት ነው። ባለንብረቱ አንድም ባትሪ፣ አንድም ሞተሪኖ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ይሮጣል። ሁለቱንም ገዝቶ ብልሽቱ እዚያው ሊጠብቀው ይችላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሪኖው በሙሉ ኃይሉ ከዞረ ባትሪው፣ ማስነሻ ቁልፉና ሪሌው ሥራቸውን ሠርተዋል። የጎደለው ኃይሉን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ክፍል ነው። በብዙዎቹ የሥራ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ክፍል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን ሲሆን፣ የሚገኘው ከቮላኖው ጀርባ ነው። በውስጡ ብዙውን ጊዜ 3 ትናንሽ ሮለሮችና ሞላዎቻቸው አሉ። ሮለሮቹ ሲበሉ ወይም ሞላዎቹ ሲደክሙ ሞተሪኖው ባዶውን ይዞራል።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በእግር መርገጥ ነው፤ ተነስቶ በደንብ ከሠራ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ሞተሪኖውን ፈትቶ የዘንጉን ጥርስ ማየት ነው። ጥርሱ ደህና ከሆነ፣ በቀዳዳው የሚታየውን መካከለኛ ጥርስ በጣት ማዞር ይገባል። ጤነኛ ፍሪሲዮን በአንድ ወገን ይለቃል፣ በሌላው ይይዛል። በሁለቱም ወገን እንደልቡ ከዞረ ወይ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል፣ ወይ ጥርሱ ተሰብሯል። አዲስ ሞተሪኖ መግዛት እዚህ ላይ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

በጥገናው ጊዜም ጥንቃቄ ያሻል። ቮላኖው የሚወጣው በመዶሻ ሳይሆን በፑለር ነው። ሮለሮቹ የሚይዙት ገጽ ቦይ ካወጣ፣ ሮለርና ሞላ ብቻ መቀየር ብልሽቱን መልሶ ያመጣዋል። ባትሪውም ይለካ፤ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ደካማ ባትሪ ሞተሩን በቅጡ ስለማያዞረው ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ይህም አዲሱን ፍሪሲዮን ይጎዳል።

ጉዳዩ የኪስ ጉዳይ ነው። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የሱቆች ማስታወቂያ ሲጨመር፣ የተሳሳተ ግዢ ዋጋው ሙሉ በሙሉ በገዢው ላይ ይወድቃል። የቆመ ሞተር ሳይክልም ገቢ አያስገባም።

ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለሚገዛም ሆነ ለሚያገናኝ ደላላ ምክሩ አጭር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በማስነሻው ደጋግሞ ማስነሳት ነው። ሻጩ በእግሩ ብቻ እየረገጠ የሚያሳይ ከሆነ፣ ዋጋ ከመቁረጥ በፊት የጥገናውን ወጪ ከሒሳቡ መቀነስ ይገባል።