ስድስት ሴንቲ ሜትር ውሃ

ፊኛ ነፍቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፤ የሚያደክመው የመጀመሪያው እፍታ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ይህን የመጀመሪያ እፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይደግመዋል። በሳንባው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የተባለ ንጥረ ነገር ገና በበቂ አልተመረተምና፣ አየር ባስወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይከደናሉ። ጎድኑ እየሰረጎደ፣ እያቃሰተ ይታገላል፤ በመጨረሻ ይደክመዋል።

መላው እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ይታወቃል፤ በአፍንጫው በኩል ቀለል ያለ የማያቋርጥ ግፊት መስጠት ነው። ችግሩ ማሽኑ 6,000 ዶላር ገደማ ማውጣቱ ነበር።

በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲዋ የባዮኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር ሬቤካ ሪቻርድስ-ኮርተም በምርምራቸው የሚታወቁት የማኅፀን በር ካንሰርን በብርሃን ምስል ቀድሞ በመለየት ነው። ከባልደረባቸው ከማሪያ ኦደን ጋር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሰጡት ሥራ ግን በማላዊ፣ ብላንታየር ከሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ሐኪሞች የመጣ ጥያቄ ነበር፦ ርካሽ የመተንፈሻ መሣሪያ ሥሩልን። መልሱ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ የለም። የእኚህን መምህር ትልቅነት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ለልምምድ የተፈጠረ ሳይሆን የሚያስጨንቅ እውነተኛ ችግር ለወጣቶች አምነው ሰጡ።

ተማሪዎቹ በፕላስቲክ የጫማ ሳጥን ውስጥ ሁለት የዓሣ ገንዳ ፓምፖች ገጠሙ። ፓምፖቹ የሚገፉት አየር ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ይሄዳል፤ የመውጫው ቱቦ ጫፍ ደግሞ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። ቱቦው ስድስት ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ አየሩ አረፋ ሆኖ የሚያመልጠው የዚያን ያህል ውሃ ግፊት ሲያሸንፍ ብቻ ነው፤ ያው ግፊት ከረጢቶቹን ከፍቶ ያቆያል። ነርሷ ግፊት መጨመር ከፈለገች ቱቦውን ዝቅ ታደርጋለች። አረፋው ከቆመ፣ አየር የሚያመልጥበት ቦታ ትፈልጋለች። መለኪያው ዓይኗ ፊት ይንተከተካል።

ያ ሳጥን በኋላ በመሐንዲሶች እጅ ተሻሽሎ «ፑማኒ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው የብላንታየር ጥናት፣ በሰርፋክታንት እጥረት ከታመሙት ጨቅላዎች ኦክስጅን ብቻ ካገኙት 23.5 በመቶ፣ በመሣሪያው ከታከሙት 64.6 በመቶ ተርፈዋል። ሕፃናቱ በዕጣ አልተመደቡምና ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ልዩነቱ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

የራይስ ተማሪዎች በበጋ ዕረፍታቸው ማላዊ ይሄዳሉ። የሠሩትን ለሐኪሞችና ለነርሶች ያሳያሉ፤ የማይመቸውን ሰምተው፣ ማስታወሻ ይዘው ዩኒቨርሲቲያቸው ወዳለበት ወደ ሂዩስተን ይመለሳሉ።