ነፃ ንግድ ለማን ነፃ ነው?

በታዳጊ አገሮች የሚገኘው ወዛደር ስለ ነፃ ንግድ ያለውን አመለካከት ሁለት ተፃራሪ ወገኖች በየፊናቸው ሲተረጉሙት ኖረዋል። የከበርቴው ዓለም ምሁራን ወዛደሩ ገበያውን ያለ አንዳች ቅሬታ እንደተቀበለ ያስተምራሉ። ሌሎች ደግሞ የውጭ ንግድን ጨርሶ እንደሚጠላ አድርገው ይናገሩለታል። ሐቁ ግን ከሁለቱም የራቀ ነው።

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 በ44 አገሮች ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ንግድ የሥራ ዕድል ይፈጥራል የሚለው እምነት ከበለጸጉት አገሮች ይልቅ በታዳጊዎቹ ዘንድ ጎልቶ ታይቷል። በአሜሪካ ይህን ያሉት ከመቶ 20 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ከመሬት ጥበት የተነሣ ወደ ከተማ ለፈለሰ ወጣት የፋብሪካ በር የእንጀራ በር ነውና።

ይሁን እንጂ በበሩ መግባት አንድ ነገር ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚጠብቀው ዕጣ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። የሕንፃው መሰንጠቅ በዋዜማው ታውቆ በታችኛው ፎቅ የነበሩት ባንክና ሱቆች ሲዘጉ፣ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉት ሠራተኞች ግን እንዲገቡ ተገደዱ። በዚያው ዓመት አደባባይ የወጡት የልብስ ስፌት ሠራተኞች የጠየቁት ፋብሪካው እንዲዘጋ ሳይሆን፣ 3,000 ታካ የነበረው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ከ8,000 በላይ እንዲሆን ነበር። በትግላቸው ያገኙት 5,300 ነው። የሠራተኛ ማኅበራትም የውጭ ገዥ ኩባንያዎችን በሕንፃ ደኅንነት ረገድ በሕግ የሚያስገድድ ውል አስፈረሙ።

ጉዳዩ ለአገራችን ወዛደርም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 መባቻ አጎዋ ከተሰኘው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ስትሰረዝ፣ ገበያውን የከፈተው እጅ መልሶ ዘጋው። ዕዳው ግን በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በስፌት መኪና ላይ በተሰማሩት ወጣት ሴቶች ላይ ወደቀ፤ ብዙዎቹም ከሥራ ተፈናቀሉ።

እንግዲህ መሠረታዊው ጥያቄ ገበያው ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ብቻ አይደለም። ሸቀጡ ድንበር ሲሻገር፣ ሸቀጡን ያመረተው ሠራተኛ የመደራጀት፣ የመደራደርና በሕይወት ወጥቶ የመግባት መብቱ በፋብሪካው በር ላይ ከቀረ፣ ነፃነቱ የሸቀጡ እንጂ የሰው አይደለም። ወዛደሩ ንግድን አይጠላም። የሚጠይቀው የላቡን ድርሻ ነው።